ለኮንዶሚኒየም የሚሆን ትንሽ የጊታር አምፕ፣ የቱን ልግዛ?

የኮዬው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሊድ ጊታር ከገዛሁ ቆይቻለሁ፣ አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ዕቃ) ግን የለኝም። ደረቁን ነው የምለማመደው። ደረቁን ሲመቱት ደግሞ የትኛው ኖታ በደንብ እንደወጣ፣ የትኛው እንደታፈነ አይለይም።

አምፑን የምፈልገው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ ማታ ከሥራ ስመለስ ለልምምድ። ግድግዳችን ስስ ነው፣ ከጎን ያሉት ጎረቤቶቼ ቤት ደግሞ አራስ አለች። ሁለተኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ አንድ ጓደኛችን ግቢ እንሰበሰባለን፤ አንዱ ቦክስ ጊታር፣ አንዱ ከበሮ ይጫወታል፣ አንዷ ትዘፍናለች። በብዛት ትዝታና ባቲ ስለምንጫወት የሚያስፈልገኝ ጥርት ያለ ድምፅ ነው፣ ዲስቶርሽኑ (የሻከረው የሮክ ድምፅ) ብዙም አያሳስበኝም። መብራት ሲሄድም ልምምዱ ባይቋረጥ ደስ ይለኛል፣ በኛ በኩል ያለውን ታውቁታላችሁ።

በጀቴ 30 ሺህ ብር አካባቢ ነው። ወንድሜ በቅርቡ ከአሜሪካ ስለሚመጣ «ምን ላምጣልህ» ብሎኛል። አንድ ሻጭ ደግሞ «ከ40 ዋት በታች አትግዛ፣ አይሰማም» አለኝ። እውነት ነው? ወይስ ቤት ባለው ብሉቱዝ ስፒከር ላይ ሰክቼው ገንዘቤን ላስቀምጥ?

ሰብሊ ከጀሞ፦
በዋቱ ጉዳይ ሻጩን አትስማው። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፣ የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዋቱ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። ስለዚህ በ20 እና በ40 ዋት መካከል ያለው ልዩነት የዋጋውን ያህል አይሰማህም። የስፒከሩ ስፋትና የሳጥኑ አሠራር ብዙ ጊዜ ከዋቱ ይበልጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ 3 ዋትም ጎረቤት ይቀሰቅሳል፣ እመነኝ።

ብሉቱዝ ስፒከሩን ተወው። ጊታር በብሉቱዝ ሲያልፍ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚወጣው፤ ጣትህ መትቶ ካለፈ በኋላ ይደርስልሃል፣ በዚያ ሁኔታ ምት መጠበቅ አይቻልም። በገመድ ብትሰካውም ስፒከሩ የሚጠብቀው ከስልክ የሚመጣ ዓይነት ሲግናል ነው፣ የጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ሲግናል የሚቀይረው) ግን ደካማ ሲግናል ነው የሚሰጠው። የሚወጣው ቀጭንና የታፈነ ድምፅ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ መለማመድ ያስጠላሃል።

እኔ ብሆን በድንጋይም የሚሠራ ትንሽ አምፕ ነው የምገዛው። የሮላንድ ማይክሮ ኪዩብ ጂኤክስ 3 ዋት ነው፣ ስፒከሩ 5 ኢንች፣ 6 ትንንሽ ድንጋይ ይወስዳል። የቦስ ካታና ሚኒ 7 ዋት ነው፣ ስፒከሩ 4 ኢንች፣ እሱም 6 ድንጋይ። ሁለቱም የሄድፎን ቀዳዳ አላቸው፣ ከስልክ ዘፈን ከፍተህ አብረህ የምትጫወትበት ቀዳዳም አላቸው። ለትዝታ ከሆነ ማይክሮ ኪዩቡን አስቀድማለሁ፤ ውስጡ ካሉት ድምፆች አንዱ የድሮውን የሮላንድ ጃዝ ኮረስ አምፕ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ሪቨርብም (አዳራሽ ውስጥ ያለህ የሚያስመስለው) መቃኛም አለው። ካታና ሚኒው ሻከር ያለ ድምፅ ላይ ይበልጠዋል፣ ግን ያለው ዲሌይ (ኖታውን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግመው) ነው እንጂ ሪቨርብ የለውም።

የለገጣፎ ሊድ፦
ሰብሊ ያልሽው ለቤት ልክ ነው። በቅዳሜው ግን አልስማማም። ክፍት ግቢ ውስጥ ከበሮ ሲመታ 3 ዋት አምፕ ይዋጣል። ልጁ ይዋጣል ብሎ ድምፁን እስከ ጥግ ይከፍተዋል፣ ያን ጊዜ ጥርት ያለው ድምፅ መሰንጠቅ ይጀምራል። ለሮክ ይሁን፣ አንዳንዱ እንዲያውም ይወደዋል። ትዝታ ላይ ግን ያችን የኖታ እጥፋት፣ ያችን ሳብ አድርጎ መልቀቅ ይበላታል። የሮሃ ባንዱን የሰላም ስዩምን ጊታር በደንብ አዳምጥ፣ የምለው ይገባሃል። እንዲህ ያለ ንጹሕ ድምፅ የሚገኘው አምፑ የተረፈ ጉልበት ሲኖረው ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክርህ 20 ዋትና 8 ኢንች ስፒከር ያለው ነው። ፌንደር ቻምፒዮን 20 ወይም ኦሬንጅ ክራሽ 20 ብታገኝ ይበቃሃል፣ ሁለቱም በሄድፎን ይሠራሉ። የቦስ ካታና 50ም ግሩም ነው፤ 12 ኢንች ስፒከር አለው፣ ጉልበቱን ወደ ግማሽ ዋት የሚያወርድ ማዞሪያም አለው። ግን ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ መውጣትና በታክሲ ቱሉ ዲምቱ መውሰዱን አስብበት።

ባለ ቱዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራውን የድሮውን ዓይነት) የሚመክርህ ሰው አይጠፋም። ቱዩብ እወዳለሁ፣ ግን አሁን ላንተ አይሆንም። ጣዕሙ የሚወጣው ከፍ ሲል ነው፣ 5 ዋቱ እንኳን ለኮንዶሚኒየም ብዙ ነው። ቱዩቡም ያልቃል፣ መለወጫ እዚህ መፈለግ አድካሚ ነው።

ሶልደር ቤት፦
አምፕ እጠግናለሁ፣ ስለ መብራቱ ልንገርህ። ይህን ሳታይ ምንም እንዳታስመጣ።

አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ 220። በቀጥታ በገመድ ግድግዳ ላይ የሚሰካ አምፕ ከአሜሪካ ከመጣ ጀርባው ላይ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» የሚል ይኖረዋል፤ እሱን እዚህ ሶኬት ላይ ስትሰካው ወዲያው ፊውዙ ይሄዳል፣ ዕድል ከሌለህ የውስጥ ትራንስፎርመሩም ይቃጠላል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቶ መጠቀም ይቻላል፣ አቅሙ አምፑ ከሚፈልገው ዋት በደንብ ከፍ ያለ ይሁን። ግን ለ60 ኸርዝ የተሠራ አምፕ በኛ 50 ኸርዝ ላይ ሊግል ይችላል፣ ትራንስፎርመሩም ሌላ ሸክም ነው። ስለዚህ ቻምፒዮን ዓይነቱን ከፈለግህ እዚህ ግዛው ወይም ከዱባይ አስመጣ። ዱባይ ቮልቴጁ ከኛ ጋር ይስማማል፣ ባለ 3 ጠፍጣፋ ጥርሱን ሶኬት መቀየር ብቻ ነው።

በአዳፕተርና በድንጋይ የሚሠሩት ግን ከአሜሪካም ቢመጡ ችግር የለም። አዳፕተሩ ላይ «100–240» የሚል ካለ በቀጥታ ይሰካል። 120 ብቻ ካለ አዳፕተሩን ትተህ እዚህ 9 ቮልት ትገዛለህ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! የሮላንድና የቦስ አዳፕተር መሐሉ ነጌቲቭ ነው፣ የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ፖዘቲቭ ነው። ጫፉ ስለገባ ብቻ የራውተሩን እየሰኩ አበላሽተው የሚያመጡልኝ ብዙ ናቸው። አዳፕተሩ ላይ ያለችውን የክብና የነጥብ ሥዕል ከአምፑ ጋር አስተያዩ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ከሶኬት ንቀሉት። ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው መብራቱ ሲመለስ ነው።

ባለ ክራሩ ከሰበታ፦
እኔ ክራር ነው የምጫወተው፣ ፒክአፕ አስገጥሜበታለሁ። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ብዙም አያወጣም። ለሊድ ጊታር ይኼ ጥሩ ነው፣ ክራርና ቦክስ ጊታር ግን ይደበዝዛሉ። ጓደኞችህም እዚያው ላይ ልሰካ ማለታቸው ስለማይቀር የሮላንድ ኪዩብ ስትሪትንም አስብበት። ሁለት 6.5 ኢንች ስፒከር አለው፣ በ6 ድንጋይ ይሠራል፣ ዘፋኟ ማይክ ትሰካለች አንተ ጊታር። ጉልበቱ በጠቅላላ 5 ዋት ስለሆነ ከበሮውን ቀስ ማለት ግድ ነው። ትልቁ ወንድሙ ኪዩብ ስትሪት ኢኤክስ 50 ዋት ነው፣ ግን ከበጀትህ የሚያልፍ ይመስለኛል።

ድንጋዩን ርካሹን አትግዛ፣ ቶሎ ይሞታል። ቻርጅ የሚደረገውን ከነቻርጀሩ አንዴ ግዛና ተገላገል። ቤት ውስጥ ደግሞ አምፑን ወለል ላይ አታስቀምጠው፣ ወንበር ላይ አድርገህ ወደ ጆሮህ አዙረው። ጥግ ላይም አታስጠጋው፣ ቤዙ ይበዛና ሁሉም ወደታችኛው ፎቅ ይወርዳል።

የኮዬው ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። የለገጣፎው ጋሼ፣ እንዳሉት ሰላም ስዩምን ዛሬ በሄድፎን ደግሜ ሰማሁት፣ ስለ ንጹሕ ድምፅ ያሉት ገብቶኛል። ሰብሊ፣ ያልሽውን ማይክሮ ኪዩብ ወንድሜ እንዲያመጣው ነገርኩት፣ የአዳፕተሩን ጽሑፍም ያያል። ለቅዳሜው ደግሞ አራታችን አዋጥተን ያገለገለ 20 ዋት እዚሁ እንፈልጋለን፣ ጓደኛችን ግቢ ይቀመጣል። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የማውቃቸው ሱቆች ስለተበተኑ ከቴሌግራም ነው የምናየው። ያገለገለ ሲገዛ ምን ምን ልይ?

የለገጣፎ ሊድ፦
ጥሩ አሰብክ። የራስህን ጊታርና የራስህን ገመድ ይዘህ ሂድ፣ በሻጩ ጊታር አትፈትን። መጀመሪያ ቀስ አድርገህ ስማው፣ ቀጥለህ ቅዳሜ በምትጫወትበት ልክ ክፈተው።

ሶልደር ቤት፦
ጋሼ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ እስከ ጥግ አዙራቸው። ትንሽ መንኮሻኮሽ የአቧራ ነው፣ በማጽጃ ስፕሬይ ይለቃል። ድምፁ ጭራሽ የሚጠፋበት ቦታ ካለ ግን ዋጋ አስቀንስ። ገመዱን ቀዳዳው ላይ ነቅነቅ አድርገው፣ ከተቆራረጠ ጃኩ ተላቋል፣ እሱ ቀላል ጥገና ነው። ወፍራሙን ክር ጠንከር አድርገህ ምታና ስፒከሩ ሲንቀጠቀጥ ስማ። የሚፋጭ ወይም የሚንዘረዘር ድምፅ ካለው ስፒከሩ ተጎድቷል፣ ተወው። ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት ይቆይ፣ ስትጫወት የማቃጠል ሽታ ቢመጣ እንዳትገዛ።

ዝም ብሎ የሚጮህ ከሆነ ቶሎ አትፍረድበት። እጅህን ክሩ ላይ ስታሳርፍ ከቀነሰ ብዙ ጊዜ የቤቱ ኧርዝ ወይም አጠገቡ ያለው አምፖል ነው፣ ሌላ ክፍል ወስደህ ሞክረው። እና ከመክፈላችሁ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፈው፣ 220 መሆኑን አይቼ እነግርሃለሁ።