ክሬቲን ካቆምኩ በኋላ ኪሎዬ ቀነሰ፤ ጡንቻዬ እየሄደ ነው?

የጉለሌው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጂም ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ 5 ግራም ክሬቲን (ጂም የሚሠሩ ሰዎች ለጡንቻ ጉልበት የሚወስዱት ዱቄት) ስወስድ ነበር። የነበረኝ ጣሳ ሲያልቅ የአዲሱ ዋጋ የማይቀመስ ሆነብኝ። ሁዳዴም እየመጣ ስለሆነ ለጊዜው ይቅርብኝ ብዬ ተውኩት። ይኸው ወር ሊሞላው ነው።

አሁን ሚዛን ላይ ስወጣ ወደ ሁለት ኪሎ ቀንሻለሁ። ሸሚዜ ትከሻዬ ላይ ላላ ብሏል። ቤንች ላይ በጀርባዬ ተኝቼ 80 ኪሎ ስምንት ጊዜ እገፋ ነበር። አሁን ስድስተኛው ላይ ክንዴ ይንቀጠቀጣል፤ ሰባተኛው ሰው ካላገዘኝ አይወጣም። ጂም ውስጥ አንዱ «በክሬቲን ያበጠ ክሬቲን ሲቀር ይሟሽሻል» አለኝ። ሌላው «ሰውነትህ የራሱን መሥራት ትቷል፣ በአንዴ ማቆም አልነበረብህም» አለኝ። የቱን ልመን? በጾሙስ ሥጋ ስለሌለ ይብስብኝ ይሆን? ዕውቀቱ ያላችሁ እባካችሁ።

ብረት ገፊ

ወንድሜ፣ አትደንግጥ። የቀነሰው በአብዛኛው ውሃ ነው። ክሬቲን ጡንቻ ውስጥ ሲከማች ውሃ ይዞ ይገባል። ሰው ሲጀምር በሳምንት ውስጥ አንድም ሁለትም ኪሎ የሚጨምረው ለዚህ ነው። በአንድ ሳምንት ያን ያህል ጡንቻ የሚሠራ ሰው የለም። ሲያቆሙ ያው ውሃ ተመልሶ ይወጣል።

ሰውነታችን ክሬቲንን ራሱም ይሠራል። ኩላሊትና ጉበት ተጋግዘው በቀን አንድ ግራም ያህል ያመርታሉ። ሥጋና ዓሣ የሚበላ ሰው ሌላ አንድ ግራም ገደማ ከምግቡ ያገኛል። ከክምችቱ ደግሞ በየቀኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ተለውጦ በሽንት ይወጣል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጠቅላላው 120 ግራም ገደማ ይኖረዋል። ዱቄቱን ሲወስድ እስከ 160 ሊደርስ ይችላል። ስታቆም የሚሄደው ትርፉ ነው። ጣሪያ ላይ እንዳለ ሮቶ አስበው፦ በቦቴ ጢም አድርገህ ሞልተኸው ነበር፤ ቦቴው ሲቀር መስመሩ እስከሚያደርሰው ድረስ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም። ወደ ድሮው መጠን ለመመለስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አንተ ወደ መጨረሻው ተጠግተሃል።

ስለ ጉልበቱ ልንገርህ። ከባድ ብረት ስታነሳ ጡንቻህ የሚያቃጥለው ኤቲፒ የሚባለውን የጉልበት ምንጭ ነው። እሱ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ገደማ ቶሎ ቶሎ የሚተካው ፎስፎክሬቲን፣ ማለትም ጡንቻ ውስጥ ከፎስፌት ጋር ተጣምሮ የተከማቸው ክሬቲን ነው። ክምችቱ ሲያንስ መጀመሪያ ላይ ብዙም አይታወቅህም፤ የሚጎድሉብህ የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት ሬፖች ናቸው። አንተም ያጣኸው ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ነው።

ሰውነት የራሱን መሥራት ያቆማል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ከውጭ ሲገባለት ምርቱን ይቀንሳል፤ ሲቀርበት መልሶ ይጀምራል። ቀስ በቀስ መቀነስም አያስፈልግም። ሆርሞን መወጋት ካቆመ ሰው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ከሳሪስ

ይቅርታ፣ እኔ ግን አልስማማም። እኔ ሳቆም ስኳቴ (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) 20 ኪሎ ነው የወረደው። ውሃ ብቻ ከሆነ ይህን ያህል ለምን ይወርዳል?

ብረት ገፊ

በዚያ ሰሞን ሌላ የተለወጠ ነገር ነበር? ሥራ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ?

ከሳሪስ

የሌሊት ፈረቃ አስገብተውኝ ነበር። ቀን ላይ ደግሞ ልጆቹ ስለሚጫወቱ እንደ ልብ አይተኛም።

ብረት ገፊ

እንግዲያው ሁሉን በክሬቲን አታሳብብ። ያለ እንቅልፍ ስኳት ይከብዳል። ክሬቲን ብቻውን 20 ኪሎ አያወርድም።

ጉለሌ፣ አንተን የማስጠነቅቅህ አንድ ነገር አለ። ብዙ ልጆች ሚዛኑን አይተው ተስፋ ይቆርጡና ብረቱን ያቀላሉ። ጡንቻ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው። 80ውን አትልቀቅ፤ ስድስት ጊዜ ይበቃል። አጠቃላዩ ካነሰብህ አንድ ዙር ጨምር። በዙር መካከልም ስልክህን አስቀምጠህ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ዕረፍ። ፎስፎክሬቲን አብዛኛው የሚሞላው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ክምችቱ ያነሰበት ሰው በአንድ ደቂቃ ዕረፍት ሲቻኮል ራሱን ያደክማል።

ነርሷ

የኩላሊት ነገር በየጂሙ ስለሚነሳ ልጨምር። ክሬቲን ሲሰባበር ክሬቲኒን ይሆናል። ላብራቶሪ ኩላሊትን የሚገምተው ደግሞ በደም ውስጥ ባለው ክሬቲኒን ነው። ዱቄቱን የሚወስድና ጡንቻው ዳበር ያለ ሰው ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ምርመራ ስትሄዱ ለሐኪሙ «ክሬቲን እወስዳለሁ» ወይም «በቅርቡ አቁሜያለሁ» በሉት። ካቆማችሁ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ሊያስለካችሁ ይችላል። ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ ምርመራም አለ፤ እሱ በክሬቲን አይዛባም።

ጤነኛ ሰው በተለመደው መጠን ቢወስድ ኩላሊቱን እንደሚጎዳ ጥናቶች አላሳዩም። የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ወይም ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ በወንድማማች ምክር ብቻ የሚጀምሩ ብዙ ናቸው።

ዲያቆኑ

ስለ ጾሙ እኔ ልመልስልህ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ወደ 8 ሳምንት መሆኑ ነው። ክሬቲን በምግብ የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ግራም ይኖራል። ሽሮና ምስር ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ክምችታቸው ዝቅ ያለ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ በጾሙ ትንሽ ዝቅ ልትል ትችላለህ፣ ግን የሚያስፈራ አይደለም።

እኔን ቢጠይቁኝ ከክሬቲኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፕሮቲኑ ነው። ብረት ለሚያነሳ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ይመከራል። 75 ኪሎ ከሆንክ 120 ግራም ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም ፕሮቲን ይሰጥሃል። እንጀራ በሽሮ ብቻ እዚያ አያደርስህም። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ ጨምር። አኩሪ አተር ካገኘህማ ምን ትፈልጋለህ! እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ በልተህ 11 ሰዓት ላይ ሥራ፣ ከዚያ ማታ ድገም። ጠዋት በባዶ ሆድ ስኳት አልመክርህም።

ዱቄቱ ራሱ በፋብሪካ በኬሚካል ዘዴ የሚሠራ ነው እንጂ ከእንስሳ አይወጣም። በካፕሱል የሚሸጠው ግን ልባሱ ከእንስሳ ጄላቲን ሊሆን ስለሚችል ጽሑፉን አንብብ። በጾም መውሰዱን በተመለከተ የንስሐ አባትህን ጠይቅ።

የጉለሌው (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ እፎይ አልኩ። ሁለት ነገር ልጨምር። ዋጋውን ለመቋቋም ምን ላድርግ? ስጀምርስ እንደገና በቀን 20 ግራም መውሰድ አለብኝ?

ብረት ገፊ

የለብህም። በቀን 20 ግራም ለ5 ወይም 7 ቀን ከወሰድክ ቶሎ ይሞላል። በቀን 3 ግራም ብቻ ብትወስድም በ4 ሳምንት ገደማ እዚያው ትደርሳለህ። ገንዘብ ካሳሰበህ ሁለተኛውን ምረጥ። 300 ግራም ያለው ጣሳ በ3 ግራም ሒሳብ 100 ቀን ይሄድልሃል፤ በ5 ግራም ግን 60 ቀን ነው። የምትገዛውም ክሬቲን ሞኖሃይድሬት የሚባለውን ተራውን ዓይነት ይሁን። ብዙ የተጠናው እሱ ነው፤ ውድ ውድ ስም የተለጠፈባቸው እንደሚበልጡት አልተረጋገጠም።

ሜሪላንድ

ፀጉር ያረግፋል የሚባለውስ? እዚህ ጂም ውስጥ ሁሉም የሚያወራው እሱን ነው።

ነርሷ

ወሬው የመጣው በ2009 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ራግቢ ተጫዋቾች ላይ ከተሠራ አነስተኛ ጥናት ነው። ከፀጉር መርገፍ ጋር የሚያያዘው ዲኤችቲ የሚባለው ሆርሞን ከፍ ብሎ ታየ፤ ፀጉራቸው ግን አልተለካም። በዚያ ብቻ ፀጉር ያረግፋል ማለት አይቻልም።

ቦክሰኛዋ

እኔም ልጠይቅ። ውድድር አለብኝ፣ ምድቤን በአንድ ኪሎ አልፌዋለሁ። ክሬቲኑን አሁን ባቆም ለሚዛኑ ይደርስልኛል? ሚዛኑ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ብረት ገፊ

እህቴ፣ አይደርስልሽም። ውሃው በሳምንታት ነው የሚወጣው፤ በአንድ ሳምንት የምታገኚው ጥቂት ነው። ለሚቀጥለው ውድድር ከወር በላይ ሲቀረው አቁሚ። ለአሁኑ አሰልጣኝሽን ዛሬውኑ አነጋግሪ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ማላብ የሚሉትን ግን አትሞክሪ።