ሶዲየም 121 ሆኖ ሳለ ለምን ውሃ ይከለከላል?

የአባቷ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ሰሞኑን ንግግራቸው ይምታታል፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፣ ምግብ ሲያዩ ያቅለሸልሻቸዋል። ደማቸው ሲመረመር ሶዲየም 121 ሆነና አስተኟቸው። ሐኪሙ «ፀረ ሽንት ሆርሞን ያለቦታው እየመነጨ ይመስላል» ብሎ ፈሳሽ በቀን ከ1 ሊትር እንዳይበልጥ አዘዘ። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ጨው ከጎደለ ጨው አይሰጥም እንዴ? ከንፈራቸው ደርቆ «ትንሽ ውሃ» ሲሉኝ አንጀቴን ይበሉኛል። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ። በቅርቡ ደግሞ ለድብርት ሴርትራሊን ተጀምሮላቸዋል።

ደግ አሳቢ
አይዞሽ እህቴ። ኦአርኤስ በጥብጠሽ ስጫቸው። ጨውም ውሃም ባንዴ ያገኛሉ፤ ጥማቱም ይቆርጥላቸዋል።

ሌሊት ተረኛ (ነርስ)
ኧረ ኦአርኤሱ ይቅር! እሱ ለተቅማጥ ነው። በሊትር ውስጥ ያለው ሶዲየም 75 ሚሊሞል ብቻ ነው፤ ከአባትሽ ደም እንኳ የቀጠነ ነው። ለእሳቸው ውሃ መጨመር ማለት ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ነርሷ ልክ ናት። የሶዲየም ቁጥር በሰውነት ውስጥ ስንት ጨው እንዳለ አይነግረንም። የሚነግረን ጨውና ውሃ እንዴት እንደተመጣጠኑ ነው። ጤነኛው በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ፀረ ሽንት ሆርሞን ከፒቱታሪ ዕጢ ይለቀቅና ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ ያዛል። ውሃ ሲጠማን ይህ ተገቢ ነው። ደሙ ቀጥኖ ሳለ ግን ሆርሞኑ ማቆም ነበረበት። ካላቆመ የተጠጣው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ሽንቱ ይወፍራል፣ ደሙ ይቀጥናል። ትርፉ ውሃ ሴሎች ውስጥ ይገባል። አንጎል በራስ ቅል ስለታጠረ እብጠት አይችልም። መምታታቱም መንገዳገዱም ከዚያ ነው።

በደም ሥር የሚሰጠው ተራ የጨው ፈሳሽ (ኖርማል ሳላይን) እንኳ ሊያባብስ ይችላል። የሽንት ምርመራ ውጤት ካለሽ ላኪልንና በቁጥር ላሳይሽ።

ፋርማሲስቱ
እኔ ዓይኔ የገባው መድኃኒቶቹ ላይ ነው። ሴርትራሊን፣ ፍሉኦክሰቲን፣ ሲታሎፕራም፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ካርባማዜፒን፣ ከካንሰር መድኃኒቶች ቪንክሪስቲንና ሳይክሎፎስፋማይድ ይህን ችግር በማምጣት ይታወቃሉ። የድብርቶቹ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ይበልጥም በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም በራሱ ሶዲየም ያወርዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ አስቢው። ብቻ በራስሽ እንዳታቋርጪ፤ ሁለቱንም ለሐኪሙ ስም ጠርተሽ ንገሪው።

የአባቷ ልጅ
ወረቀቱ ይኸው። የደም ኦስሞላሊቲ (የውፍረቱ ልክ) 252፣ የሽንት ኦስሞላሊቲ 480፣ የሽንት ሶዲየም 62። ታይሮይድ ደህና ነው። እግራቸው አላበጠም፣ ግፊታቸውም አልወረደም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ጎበዝ፣ የሚፈለገው ይኸው ነው። ደሙ ከ275 በታች ቀጥኖ ሽንቱ ከ100 በላይ ከሆነ ኩላሊቱ ውሃ እያፈሰሰ አይደለም። የሽንት ሶዲየም ከ30 በላይ ሆኖ፣ እብጠትም ድርቀትም ከሌለ፣ ሥዕሉ ወደዚሁ ሆርሞን ያመለክታል። ግን ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ ታያዛይድ (ያ የግፊት መድኃኒታቸው) እየተወሰደ ድምዳሜ ላይ አይደረስም። ሁለተኛ፣ ከአድሬናል ዕጢ የሚመነጨው ሆርሞን፣ የጠዋት ኮርቲዞል፣ ተለክቷል? የአድሬናል ዕጢ ድክመት ፍጹም ይህንኑ ይመስላል፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው።

አሁን ሒሳቡን እይ። አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን 308 ሚሊኦስሞል ጨው ይዟል። የአባትሽ ኩላሊት በሊትር 480 አድርጎ አጥብቆ ስለሚያስወጣ፣ ያንን ሁሉ ጨው በግምት 640 ሚሊሊትር ሽንት ውስጥ ይጥለዋል። ቀሪው 360 ሚሊሊትር ንጹህ ውሃ ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ጨው ሰጥተን ደሙን አቀጠንነው ማለት ነው።

ምክንያቱን መፈለግ ደግሞ ግድ ነው። የደረት ፎቶ ተነስተዋል? ሳንባ ምች፣ ቲቢ፣ ማጅራት ገትር፣ ስትሮክ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ቀዶ ሕክምና፣ ከባድ ሕመምና ማቅለሽለሽ ሁሉ ሆርሞኑን ያስነሳሉ። ሲጋራ ያጨሱ ከነበረ ሳንባው በደንብ ይታይ። ሽዋርትዝና ባርተር ይህን ሁኔታ በ1957 እ.ኤ.አ. ሲገልጹ ታማሚዎቻቸው የሳንባ ካንሰር ነበረባቸው።

ደግ አሳቢ
እሺ ተማርኩ። ታዲያ ጠንከር ያለ ጨው ሰጥተው ቶሎ ለምን አያስተካክሉትም?

ሌሊት ተረኛ (ነርስ)
አለ፣ ባለ 3 ፐርሰንት። ሰውየው ካንቀጠቀጠው ወይም ካልነቃ 100 ወይም 150 ሚሊሊትር በአጭር ጊዜ ይሰጣል። ሶዲየሙ ከ4 እስከ 6 ከፍ ማለቱ ብቻ አደጋውን ያበርደዋል። ከዚያ በኋላ እኛ የምንፈራው ፍጥነቱን ነው። በ24 ሰዓት ከ8 በላይ እንዳይዘል ደም ቶሎ ቶሎ እንቀዳለን። አንጎል ቀጭኑን ደም ስለለመደ፣ ድንገት ሲወፍርበት የነርቮቹ ሽፋን ይጎዳል። ክፋቱ ደግሞ ምልክቱ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ መናገርና መዋጥ ያቅታል፣ እጅና እግር ይዝላል። በምግብ እጦት የተጎዳ፣ አልኮል የሚያበዛ ወይም ፖታሺየሙ የወረደ ሰው ላይ የበለጠ እንጠነቀቃለን።

አስታማሚ
እኔ እናቴን በዚሁ አስታምሜያለሁ። ጠዋት የቀኑን ድርሻ በአንድ ጠርሙስ ለክተሽ አስቀምጪ፤ ከሱ ውጪ አይቀዳም። ሻይ፣ ሾርባ፣ ወተት፣ ክኒን መዋጫው ሁሉ ይቆጠራል። በትንሽ ስኒ ስጫቸው፣ አፋቸውን በረጠበ ጨርቅ አብሺላቸው። ጠያቂ ሁሉ ጁስ ይዞ ነው የሚመጣው፤ በር ላይ ካልነገርሽ ልፋትሽ ገደል ይገባል።

ፋርማሲስቱ
ውሃ መቀነሱ ካልበቃ የጨው ክኒን ከሚያሸናው መድኃኒት ከፉሮሴማይድ ጋር፣ ዩሪያ ዱቄት ወይም ቶልቫፕታን አለ። ቶልቫፕታን ሆርሞኑ ኩላሊት ላይ እንዳይሠራ ያግዳል። የሚጀመረው ሆስፒታል ውስጥ ነው፤ ሶዲየሙን በፍጥነት ሊያዘልለው ስለሚችል ያን ጊዜ ውሃ መከልከሉ ይነሳል። ጉበቱ የታመመ ሰው አይወስደውም።

የአባቷ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ! ሐኪሙን አናገርኩት። ሁለቱንም መድኃኒት አቁሞ ኮርቲዞልና የደረት ፎቶ አዘዘ። ዛሬ ጠዋት ሶዲየሙ 125 ነው፤ ስሜንም ሳይሳሳቱ ጠሩኝ። ለግፊታቸው ሌላ ክኒን ይሰጣቸዋል ብሏል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም
ደስ ይላል። ስትወጡ ሶዲየሙ መቼ እንደሚደገም ቀን አስቆርጪ። የሁለቱ መድኃኒቶች ስምም ካርዳቸው ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ ሌላ ክሊኒክ ሄደው ማንም ሳያውቅ መልሶ እንዳያዝላቸው።