የመድን ወረቀት ያላሟላ ንዑስ ተቋራጭ ሳይት ይግባ ወይስ አይግባ?

የሳይት መሐንዲስ፣ ካዛንቺስ፦
ሰላም ለቤቱ። ዛሬ በዚህ እንከራከር። የምሠራበት ሕንፃ ባለቤት አዲስ ደንብ አውጥቷል። ልስንም ይሁን ሴራሚክ፣ ንዑስ ተቋራጭ ሁሉ የራሱን የኢንሹራንስ ወረቀት ካላመጣ በሩን አያልፍም። ሁለት ቡድን ከበር ተመልሷል። ሥራው እየተጎተተ ነው፤ እኔ ግን ደንቡን እደግፋለሁ። አደጋ ሲደርስ ስልክ የሚያነሳ ሰው እንደማይኖር ሁላችንም እናውቃለን። ምን ትላላችሁ?

ልስን ሠሪ፣ ልደታ፦
ወንድሜ፣ ስትደግፈው በማን ኪስ ነው? እኔ ስምንት ልጅ ይዤ እገባለሁ፣ በሦስት ሳምንት ጨርሼ እወጣለሁ። በካሬ የሚሰጠኝን ዋጋ አንተም ታውቀዋለህ። ከዚያ ላይ አረቦን፣ የመድኑን ዋጋ፣ ክፈል ስባል ምን ይተርፈኛል? ደግሞ የሚሆነውን ልንገርህ። ወረቀት ያለው ድርጅት ሥራውን ይወስድና መልሶ ለእኔው ይሰጠኛል። መሃል ላይ ያለውን እሱ ይበላል። ግድግዳው ላይ የሚወጣው ያው የእኔ ልጅ ነው።

ኢንሹራንስ ውስጥ የምሠራ፣ ሰንጋ ተራ፦
ስለ አንድ ወረቀት እያወራችሁ አይመስለኝም። ኦል ሪስክ የምንለው የግንባታ መድን የሚሠራውን ሥራና በሦስተኛ ወገን ላይ የሚደርስ ጉዳትን ይሸፍናል። የተቋራጩ የራሱ ሠራተኛ ግን ሦስተኛ ወገን አይባልም። ልጁ ከመወጣጫ ቢወድቅ በኦል ሪስክ አይካስም። ለእሱ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ለብቻ ይገዛል።
ኦል ሪስኩን ዋናው ተቋራጭ ለመላው ፕሮጀክት ገዝቶ ንዑሶቹንም በመድን ገቢነት ማስገባት ይችላል። ስለዚህ ልስን ሠሪን «ኦል ሪስክ አምጣ» ማለት ሰው ማንገላታት ነው። የሠራተኞቹን ግን አምጣ ቢሉት ያስኬዳል። አረቦኑም የሚሰላው ከሚከፈለው ደመወዝ ነው፤ ስምንት ሰው ለሦስት ሳምንት ያን ያህል አይከብድም።

ልስን ሠሪ፣ ልደታ፦
የደመወዝ መዝገብ ስጠኝ ልትለኝ ነዋ። እኔ የምከፍለው ማታ ማታ፣ እጅ በእጅ ነው። ሰኞ የመጣው ልጅ ረቡዕ ሌላ ሳይት ይሄዳል።

ጠበቃ፦
መዝገብ አለመያዝህ ከኃላፊነት አያወጣህም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ነው። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታው ከሥራ ውጪ ከሆነ ካሳው የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። በቀን 600 ብር የሚከፈለው፣ በወር 26 ቀን የሚሠራ ልጅ እንውሰድ። በዓመት 187,200 ብር ነው። በአምስት ሲባዛ 936,000 ብር ይሆናል። ሕክምናው ሌላ ነው። ይህን ከካሬ ዋጋህ ታወጣዋለህ?

አማካሪ መሐንዲስ፣ ፒያሳ፦
ወረቀቱ ይምጣ አይምጣ የሚለው ክርክር አሰልችቶኛል። መጥቶ ማን አነበበው? ፋይል ውስጥ ይገባል፣ አማካሪው ይፈርማል፣ አለቀ። ከዚያ ፕሮጀክቱ ይራዘማል፣ ፖሊሲው (የመድን ውሉ) አብሮ አይራዘምም። አብዛኛው ሳይት ላይ ያለው ኢንሹራንስ ላም አለኝ በሰማይ ነው።
ቀኑ ባያልፍ እንኳ ገንዘቡን እዩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ሥራው 150 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሆኖ መድኑ ላይ በ90 ሚሊዮን ከተመዘገበ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። የ10 ሚሊዮን ጉዳት ቢደርስ 6 ሚሊዮን ነው የሚታሰበው። ከዚያም ላይ ተቋራጩ ራሱ የሚሸከመው መነሻ ይቀነሳል።
ለመሃል ከተማ ዋናው ደግሞ የጎረቤት ቤት ነው። ለቤዝመንት ትቆፍራለህ፣ አጠገብህ የድሮ የጭቃ ቤት ወይም የድንጋይ ሕንፃ አለ። የተለመደው የኦል ሪስክ ውል በንዝረት ወይም ድጋፍ በመነሳቱ ጎረቤት ላይ የሚደርሰውን ጉዳት አይሸፍንም። ተጨማሪ ተከፍሎበት ካልገባ በቀር። እስቲ ፋይላችሁን አውጡና ገብቶ እንደሆነ እዩ። ከዚህ የበለጠ ለሳይት የሚጠቅም ሥራ የለም።

የሳይት መሐንዲስ፣ ካዛንቺስ፦
እሺ ኢንጅነር፣ መፍትሔው ምንድን ነው? ከበር ካልከለከልን የት እንያዘው?

አማካሪ መሐንዲስ፣ ፒያሳ፦
ክፍያ ላይ። ለተሠራው ሥራ ከሚቀርበው ከእያንዳንዱ የክፍያ ሰርተፊኬት በፊት ሦስት ነገር ይታይ። ፖሊሲው በሕይወት አለ ወይ፣ የገንዘቡ መጠን ተስተካክሏል ወይ፣ ሳይት ላይ ያሉት ንዑሶች ፖሊሲው ውስጥ ገብተዋል ወይ። ፎቶኮፒ አይበቃም፤ በፖሊሲ ቁጥሩ ቅርንጫፉ ይጠየቅ። ፊዲክ በሚባለው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ላይም ተቋራጩ መድኑን ካላሳየ ባለቤቱ ራሱ ገዝቶ ከክፍያው ይቀንሳል። ሥራ ማቆም አያስፈልግም።

ደረጃ 3 ተቋራጭ፦
አሁን ገባኝ። ክፍያ የሚዘገይበት አንድ ሰበብ ጎድሎ ነበር! እኔ ያቀረብኩት ሰርተፊኬት አማካሪ ጠረጴዛ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚተኛ አንተ ታውቃለህ፣ አንተው ነህ የምታስተኛው። ባለቤቱ ሳይከፍል ሲቀር ሥራ ይቆማል። ሥራ ሲቆም ኢንሹራንሱስ?

ኢንሹራንስ ውስጥ የምሠራ፣ ሰንጋ ተራ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን አትወደውም። በተለመደው ውል ሥራ በመቆሙ ምክንያት የሚመጣ ጉዳት አይካስም። በከፊል ቢቆምም ያው ነው። ከመቆሙ በፊት በጽሑፍ አሳውቁን። ያኔ በተጨማሪ አረቦን መነጋገር ይቻላል። ግድግዳው ከፈረሰ በኋላ ግን አይሆንም።

ደረጃ 3 ተቋራጭ፦
ስለዚህ ባለቤቱ ባለመክፈሉ ሥራ ይቆማል፣ እኔ ደግሞ ተጨማሪ አረቦን እከፍላለሁ። ጋሼ፣ ይህን ፍትሕ የምትሉት እናንተ ብቻ ናችሁ። ክፍያውን ያዘገየው ወገን የዚያን ጊዜ አረቦን ይቻል። ይህ ውሉ ላይ ከተጻፈ እኔ ነገ እፈርማለሁ።

አማካሪ መሐንዲስ፣ ፒያሳ፦
በዚህ እንኳ አልከራከርህም። ይጻፍ።

ልስን ሠሪ፣ ልደታ፦
እኔንም አትርሱኝ። የሠራተኞቹ አረቦን ከካሬ ዋጋው ውስጥ ተደብቆ ሳይሆን ቢኦኪው (የሥራና የዋጋ ዝርዝሩ) ላይ ፕሪሊሚናሪ በሚባለው የመነሻ ወጪ ክፍል ውስጥ ለብቻው ይምጣ። ዋናው ተቋራጭ ይግዛው፣ እኔ በየጠዋቱ የገቡትን ልጆች ስም ለካቦው አስመዘግባለሁ። ከዚህ በላይ ከእኔ አትጠብቁ።

የሳይት መሐንዲስ፣ ካዛንቺስ፦
ስም ዝርዝሩን ግን ከሥራ በፊት ነው የምፈልገው። ከሰዓት አይሠራም።