ቦልዛኖና ትሬንቶ፦ አንድ ክልል ወይስ ሁለት?

የካርታ ልጅ፦
የሰሜን ጣሊያን ካርታ በአማርኛ እየሠራሁ ነው። ትሬንቲኖ-አልቶ አዲጄን አንድ ክልል አድርጌ ነበር፤ የስታቲስቲክስ ሰንጠረዡ ግን ለሁለት ከፍሎታል። ደቡብ ቲሮል የሚባለውስ የትኛው ነው? የቋንቋ ቀለሙን በምን ወሰን ልቀባ?

አዲጄ ማዶ፦
በሕግ ክልሉ አንድ ነው። ሥልጣኑ ግን ከሥሩ ባሉት ሁለት ራስ ገዝ አውራጃዎች፣ በቦልዛኖና በትሬንቶ እጅ ነው። ከ1972ቱ ሁለተኛ የራስ ገዝ ደንብ ወዲህ መንገዱም፣ ግብርናውም፣ ቱሪዝሙም የእነሱ ነው። የክልሉ ምክር ቤት እንኳ ለብቻው አይመረጥም፤ 35 35 አባላት ያሏቸው የአውራጃ ምክር ቤቶች አብረው ሲቀመጡ እሱ ይሆናሉ። የአውሮፓ ኅብረት ስታቲስቲክስም ሁለቱን ለየብቻ የሚመዘግበው ለዚህ ነው። ሰንጠረዡ ልክ ነው፤ የክልሉን ድምር ከሁለቱ ጋር ደግመህ እንዳትደምር።

ደቡብ ቲሮልና አልቶ አዲጄ የአንድ ቦታ፣ የቦልዛኖ አውራጃ፣ ስሞች ናቸው። ትሬንቲኖ የትሬንቶ ነው። ደቡብ ቲሮልን ለክልሉ በሙሉ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው።

ሦስት ስም፦
ቀለሙን በአውራጃ ከቀባህ ይበላሽብሃል። በማዘጋጃ ቤት ውረድ። በ2011 ቆጠራ ከቦልዛኖ አውራጃ 116 ማዘጋጃ ቤቶች 103ቱ ጀርመንኛ፣ 5ቱ ጣሊያንኛ፣ 8ቱ ላዲንኛ (በአልፕስ ሸለቆዎች የሚነገር ከላቲን የወጣ ቋንቋ) የሚበዛባቸው ነበሩ። ከአምስቱ አንዷ ራሷ ዋና ከተማዋ ናት! በአውራጃ ቀለም ቦልዛኖ ከተማ ጀርመንኛ ሆና ትቀራለች። በደቡብ በኩል የአዲጄ ወንዝ ሸለቆ ሳሎርኖ ላይ ሲጠብ የጀርመንኛው አካባቢ ያበቃል።

ላዲንኛ ደግሞ ወሰን አያከብርም። የጋርዴናና የባዲያ ሸለቆዎች ቦልዛኖ ውስጥ፣ ፋሳ ትሬንቶ ውስጥ፣ ኮርቲና ዳምፔዞ ግን ጭራሽ ከክልሉ ውጭ፣ ቬኔቶ ውስጥ ናቸው። ኮርቲና በ2007 ሕዝበ ውሳኔ ወደ ቦልዛኖ መዛወርን ብትመርጥም አልተፈጸመም። ስለዚህ ላዲንኛን ከጣሊያንኛ ጋር አትጨፍልቅ፤ የራሱ ቀለም ይኑረው፣ ቀለሙም የክልሉን መስመር ይሻገር።

የካርታ ልጅ፦
በአውራጃና በማዘጋጃ ቤት መካከል ሌላ እርከን አለ?

አዲጄ ማዶ፦
በቦልዛኖ በኩል 7 የወረዳ ማኅበራት አሉ፤ ቦልዛኖ ከተማ ግን በአንዳቸውም የለችበትም። ሰባቱን ብቻ ከሳልክ መሐሉ ላይ ባዶ ቦታ ታገኛለህ፤ ከተማዋን ስምንተኛ አድርገህ ሙላው። ለስያሜ ቦታ ካለህ በጣሊያንኛና በጀርመንኛ ቦልዛኖ/ቦዘን ብለህ ጻፍ፤ በላዲን ሸለቆዎች ሦስተኛው፣ የላዲንኛው ስም ይጨመር።