የድሮ ፒክአፕ ላይ ሄደር ላስገባ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ምክራችሁን እፈልጋለሁ። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። የ1995 ሸቭሮሌት ፒክአፕ አለኝ፣ ሞተሩ 5.7 ሊትር ቪ8። እንጀራዬ እሱ ነው፤ ዕቃ እጭንበታለሁ።

ጠዋት ሳስነሳው በግራ በኩል ትክ ትክ ይላል። ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። በባትሪ ሳየው የጭስ ማኒፎልዱ (ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ብረት) ተሰንጥቋል፣ ስንጥቁ ዳር ጥላሸት ተለጥፏል። የኋለኛው ብሎንም ተቆርጦ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ቀርቷል።

መካኒኬ «ከፈታነው አይቀር ሄደር አስገባበት፣ ጉልበት ይጨምራል» አለኝ። ሄደር ማለት በማኒፎልዱ ፈንታ የሚገጠም፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቱቦ ያለው የጭስ መውጫ ነው። ልቤ ግን አልቆረጠም። የሄደር ጥቅም ይበልጥ የሚታየው ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ነው፤ እኔ ጭነት ይዤ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ቱቦው ለካንዴላ ገመዶቹ በጣም ስለሚጠጋ ሊያቃጥላቸው ይችላል። ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ በየ2 ዓመቱ ያለው የጭስ ምርመራ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የግዛቱ አየር ቦርድ የፈቃድ ቁጥር የሌለው ሄደር ከተገጠመበት መኪናው አያልፍም።

ፈቃድ ያለውን ሄደር እንዲህ ባለ መኪና ላይ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ ከ1 ዓመት በኋላ ጓርኒሲዮኑ (በሄደሩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) እንዴት ሆነ? ወይስ እንደ ፋብሪካው ያለ የብረት ማኒፎልድ ልግዛ? የተቆረጠውን ብሎንስ ቴስታታው ሳይወርድ ያወጣ አለ?