ስለ ክሮሞሶም 2 የቸገረኝ ነገር አለ፤ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የዝግመተ ለውጥ ማስረጃዎችን እያነበብኩ ነው። ቅሪተ አካሉ ብዙም አላስቸገረኝም፤ እንቅልፍ የነሳኝ ክሮሞሶም 2 ነው (ክሮሞሶም በህዋስ ውስጥ ያለ፣ ዘረ መል የያዘ የዲኤንኤ ጥቅል ነው)።

እኛ 46 ክሮሞሶም አለን፤ ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን ግን 48። የእኛ ክሮሞሶም 2 ሁለት ክሮሞሶሞች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው የተፈጠረ ነው። ማስረጃው በጣም ደስ ይላል፦ በተለምዶ ጫፍ ላይ የሚገኘው የቴሎሜር (የክሮሞሶም ጫፍ መከለያ) ድግግሞሽ መሃሉ ላይ፣ ያውም ፊት ለፊት ተገጣጥሞ በ1991 ተገኝቷል። ሥራ ያቆመ የሁለተኛ ሴንትሮሜር (ህዋስ ሲከፈል ክሮሞሶሙ ተይዞ የሚጎተትበት ቦታ) ቅሪትም አለ። እስከዚህ ድረስ አምኛለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው የጠፋብኝ። መጀመሪያ ይህ ውህደት የተፈጠረበት ግለሰብ 47 ይኖረዋል፤ የሚጣመረው ግን 48 ካለው ጋር ነው። ታዲያ የዘር ህዋስ ሲከፈል ሦስቱ ክሮሞሶሞች (የተዋሃደው አንዱና ያልተዋሃዱት ሁለቱ) እንዴት ይሰለፋሉ? የቤት ፈረስ 64፣ የፕርዠቫልስኪ ፈረስ 66 ክሮሞሶም እያላቸው ዲቃላቸው መውለድ እንደሚችል አውቃለሁ። ስለዚህ መውለዱ አይደለም የከበደኝ፤ አዲሱ ቅርጽ የድሮውን ጨርሶ መተካቱ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መንጋ ውስጥ በአጋጣሚ ብቻ ሊስፋፋ ይችላል? ወይስ የግድ ጥቅም ሊኖረው ይገባል?

ሚዮሲስን (የዘር ህዋስ የሚፈጠርበትን አከፋፈል) ደረጃ በደረጃ ማስረዳት የምትችሉ፣ በሥዕልም ቢሆን፣ እባካችሁ።