እናቴን ከኤድመንተን ሃሊፋክስ እንዴት ልላካት?

እህቴ በዲሴምበር ትወልዳለች። እናቴ ልታርሳት ከኤድመንተን ሃሊፋክስ ብቻዋን ትበራለች። 68 ዓመቷ ነው፤ እንግሊዝኛ አትችልም።

አምና በርካሽ ትኬት ልኬያት በረዶ በረራዋን አሰረዘው። ጋቢዋን ተከናንባ ቶሮንቶ ወንበር ላይ አደረች። ሳስበው አሁንም አንጀቴን ይበላኛል። በረዶ ሲሆን ደግሞ ሕጉ ምትክ በረራ ለመፈለግ ለአየር መንገዱ 48 ሰዓት ይሰጠዋል።

ዘንድሮ ሁለት ምርጫ አለኝ። ኤር ካናዳ በቶሮንቶ በኩል አለው። ወይም ካልጋሪ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር በመኪና ወስጃት፣ በዌስትጄት በቀጥታ ትሄዳለች። የሁለቱም ርካሹ ትኬት የእጅ ሻንጣ አይጨምርም፤ የገንፎ ዱቄቱንና ቅቤውን ስለያዘች ከፍ ያለውን እገዛለሁ። የዊልቸር እርዳታም አስይዛለሁ።

በዚያ ወቅት የካልጋሪን መንገድ ነድታችሁ የምታውቁ፣ በበረዶ ነድቼ በቀጥታ በረራ ልላካት ወይስ ቶሮንቶ ላይ ትቀይር?